ትንሽ አሟታል

እኛ ዘንድ ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚነገረው ሞቱ አይደለም። መጀመሪያ ይታመማል። ዛሬ የተቀበረ ሰው ሩቅ ላለ ዘመዱ «ትንሽ አሞታል» ተብሎ ይነገርለታል፤ በማግስቱ «አልተሻለውም» ይባላል፤ ከዚያ ሐኪም ቤት ይገባል፤ እንዲህ እንዲህ እየተባለ የሰሚው ልብ ይዘጋጃል። በመጨረሻ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ይሄዱና መርዶውን ይነግራሉ። ደግነት ነው። እኔም ወሎ ውስጥ በዚሁ ደግነት ነው ያደግኩት፤ አንድም ሰው ይሄ ነገር ውሸት ነው ሲል ሰምቼ አላውቅም። አሁን ግን እዚህ ሀርጌሳ አንድ የአገሬ ሰው ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ «ትንሽ አሟታል» ሲል ከሰማሁ፣ የያዝኩትን ሻይ አስቀምጬ ተነስቼ እሄዳለሁ። ሴቶቹ ነካ አድርጓታል ይላሉ። ይበሉ።

በዚህች ከተማ እህቴን፣ እንደ አባት የማያቸውን ሰውዬና የሳቸውን ልጅ የገደለ ሐኪም ነበር። ገድሎም በየሐዘኑ ተቀምጦ ዱዓ ሲደረግ አሚን ብሏል። ያኔ እንደ ሁሉም ሰው «እሳቸው» እያልኩ ነበር የምጠራው፤ ዛሬ አፌ እሺ አይለኝም። አሁን በአንድ የዐረብ አገር እስር ቤት ነው ይባላል። ከዚህ ሄዶ በተቀጠረበት ሆስፒታል በየክፍሉ ካሜራ ነበር፤ በሽተኛ በመርፌ ሲገድል ተያዘ፤ ራሱም አመነ። ያመነው ግን እዚያ የገደላቸውን ነው። ስለኛዎቹ የጠየቀው የለም። ማንስ ብሎ ይጠይቀዋል? የኛዎቹ ታመው ነው የሞቱት፤ ሰፈር ሙሉ ሰው ይመሰክራል።

ወሬው እዚህ ሲደርስ ሰዉ ይጸጸታል ብዬ ነበር። በየቤቱ የሰማሁት «ምቀኞች ናቸው ያሳሰሩት» የሚል ነው። አንዷማ እሱ ከእስር እንዲፈታ ከቁርኣን ሱረቱ ያሲንን አስቀርታለች። ለምን እንደሚገድል እኔም አላውቅም። ብዙ አሰብኩበት፤ ደከመኝና ተውኩት። እንዴት እንዳልተያዘ ግን አውቃለሁ፤ ይህን እንደ ስሜ አውቀዋለሁ።

እኔና እህቴ 31 ሜይ በሚባለው ሰፈር አንድ ግቢ ውስጥ ክፍል ተከራይተን ነበር የምንኖረው። እኔ መጋረጃና ዲራዕ እሰፋለሁ፤ ዲራዕ የዚህ አገር ሴቶች ለሠርግ የሚለብሱት ስስ ረጅም ቀሚስ ነው። እህቴ ሥራ ትፈልጋለች ተብላ ነው ከደሴ የመጣችው፤ መጥታ ግን የኔን ደንበኞች በወሬ መያዝ ሥራዋ ሆነ። ሶማልኛውን ከኔ በፊት ለመደችው። እኔ ዓመታት ኖሬ የምናገረው ለገበያ ክርክር ብቻ ነው፤ እሷ በወራት ውስጥ የሰው ቀልድ ገብቷት ትስቅ ነበር። ስትስቅ አንገቷን ወደ ኋላ ትጥላለች። ጨጓራ ነበረባት፤ ከዚያ ውጪ በሽታ አታውቅም።

ጨጓራ ደግሞ በሰው ቋንቋ አይታከምም። እዚህ ጥሩ ጥሩ ሐኪሞች ሞልተዋል፤ እኛ ግን ፊታቸው ስንቀመጥ አፋችን ይታሰራል። የሚያቃጥለውንና የሚቆርጠውን፣ የሚወጋውንና የሚከብደውን ለይቶ መናገር የሚችል ሶማልኛ የለንም። ስለዚህ አማርኛ የሚናገረው ሐኪም ከአዲስ አበባ መጥቶ ክሊኒክ ሲከፍት አላህ የላከልን ነው የመሰለን። ውጋት ብትለው ይገባዋል። ምች መታኝ ብትለው አይስቅም። ዳሚ ሰፈር ድረስ በነጭ ቪትዝ መኪናው እየሄደ፣ ወረቀት የሌላቸውን የአገር ልጆች ማን ነህ ከየት መጣህ ሳይል ያክም ነበር። አየር መንገድ የሚሠሩት፣ የቆንስላ ሰዎችም ልጆቻቸውን ወደሱ ነው የሚወስዱት። መስጊድ ሲሰገድ ሰፉ ላይ፣ ከፊተኛው ረድፍ ነው። ሽቶው ከበር ይቀድመው ነበር፤ እህቴ «ዶክተር ሳይሆን ሽታው ነው የሚያድነን» እያለች ታሾፍ ነበር።

ሰው ሲሞት ደግሞ ሽማግሌዎቹ እሱን ይዘው ነው የሚሄዱት። መርዶ የሚነገረው ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ምን አገኘው?» ብሎ ነው፤ ሽማግሌዎቹ እዚህ ላይ ይንተባተባሉ። እሱ አጠገባቸው ካለ ግን በሚያምር አማርኛ፣ ቀስ ብሎ፣ የሰውየውን ጉልበት ይዞ ያስረዳል። መርዶው ለሰሚው ቀለል ይልለታል ይሉ ነበር። ቀስ በቀስ የእሱ ወንበር ሆነ። እኛው ነን ጎትተን ያስቀመጥነው።

እናቴ ዓይኗን ኦፕራሲዮን ልታደርግ ስትል ወደ ደሴ ሄድኩ፤ እህቴ ቤት ልትጠብቅ ቀረች። በየቀኑ እንደዋወል ነበር። አንድ ቀን ስደውል እየሳቀች አነሳችው። አንዲት ደንበኛ ቢጫውን ዲራዕ ለብሳ ልክ አልሆነም ብላ ተጣልታ መሄዷን ነገረችኝ፤ የሴትየዋን አነጋገር እያስመሰለች አሳቀችኝ። ጨጓራዋ ትንሽ ነክቷት ዶክተሩ ግሉኮስ ሊያደርግላት መምጣቱንም ነገረችኝ። ግሉኮሱን የሰቀለው እኔ በገዛ እጄ ግድግዳው ላይ ባሠራሁት የመጋረጃ ብረት ላይ ነበር። ከጎኗ ድምፁ ተሰማኝ።

«አብሽሪ በያት» አላት።

«አብሽሪ፣ አይዞሽ ይልሻል» አለችኝ እየሳቀች፤ ስልኩም ተዘጋ።

በማግስቱ ስደውል ስልኳን አባባ አነሱት። አባባ የምንላቸው ያደግንበት ሰፈር ሰው ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ከበርበራ ወደ አገር ቤት የጭነት መኪና ሲነዱ ኖረው ጡረታቸውን እዚሁ ግቢ ነው የሚያሳልፉት። ለኛ አባት ነበሩ። እህትሽን ትንሽ አሟታል አሉኝ። አቅርቡልኝ ብል ተኝታለች አሉ። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ሌላ ሰው ነበር የሚያነሳው፤ አልተሻላትም፣ ሐኪም አጠገቧ ነው፣ ዱዓ አድርጊ። እናቴ ዓይኗ ታስሮ አልጋ ላይ ሆና ምን አሉ ትለኛለች፤ እኔ የሰማሁትን እነግራታለሁ። አልጠረጠርኩም ብል እዋሻለሁ። ግን ሰው ሲጠረጥር እንኳን ቶሎ አያምንም፤ ጅጅጋ ስደርስ ለታማሚ ብዬ ብርቱካን ገዛሁ።

ቶጎ ውጫሌ ላይ ድንበሩን በእግሬ አልፌ፣ በአቧራው መንገድ ሀርጌሳ ገባሁ። ግቢው ውስጥ ምንጣፍ ተነጥፎ ወንዶቹ ተቀምጠዋል። ብርቱካኑን ከእጄ የተቀበለኝ ዶክተሩ ነበር። ከዚያ የሚባለው ሁሉ ተባለ። እሱ ጉልበቴን ይዞ ልቧ በድንገት እንደደከመ፣ ብዙም እንዳልተሠቃየች አስረዳኝ። እጁ ሞቃት ነበር። በዚያን ሰዓት ያቺን እጅ ይዤ አለቀስኩ፤ ይህን ሳስብ ዛሬም ቆዳዬን አውልቄ መጣል ያምረኛል።

አባባ ያን ዕለት እንደነገሩኝ፣ እህቴ የተቀበረችው ከኔ ጋር ስቃ ስልኩን በዘጋች በማግስቱ ነው። እዚህ ሙስሊም ሞቶ አይውልም፤ ይታጠባል፣ ይገነዛል፣ ከዐስር ሶላት በፊት አፈር ይገባል። ሱንና ነው፤ በዚህ ቅሬታ የለኝም። እኔ በየቀኑ ስደውል የኖርኩት አፈር ውስጥ ላለች ልጅ ነው።

ሐዘኑ ቀዝቀዝ ሲል መጠየቅ ጀመርኩ። ከኔ ጋር ስትስቅ ነበር፤ እንዴት በማግስቱ ሞተች? ሰዉ ግን ሁሉም አንድ ነገር ነው የሚለኝ፤ ከሳምንት በላይ ታማ ነበር። እኔ በስልክ ሰምቻታለሁ ስል ያዝኑልኛል። አንዷ ጎረቤታችን በገዛ እጇ ሾርባ እየጋተቻት እንደነበር እያለቀሰች ነገረችኝ። መቼ ነው አልኳት። ጁምዓ ዕለት ነው አለች። ጁምዓ ዕለት እህቴ ከተቀበረች ቀናት አልፈው ነበር። ይህን ስነግራት በአላህ ስም ማለች። አልዋሸችም፤ እኔን ያሳበደኝም ይሄው ነው። ለኔ፣ ለእናቴ፣ ለአክስቶቼ፣ ለደንበኞቼ በየቀኑ ታማለች እያሉ ሲያወሩ፣ ራሳቸው በሽታውን አዩት። የሌለ አልጋ አጠገብ ተቀምጠው የሌለች በሽተኛ አስታመሙ። የእህቴ ደህንነት የሚታወቀው በኔ ጆሮ ብቻ ቀረ።

ፖሊስ ጣቢያም ሄጃለሁ። መኮንኑ ሽበታም፣ ጨዋ ሰው ነበር፤ ሻይ አስመጣልኝ፣ በተሰባበረው ሶማልኛዬ የምለውን እስከ መጨረሻው አዳመጠኝ። ከዚያ ጎረቤቶቼን ጠራ። ሁሉም ታማ ነበር አሉ። ዶክተሩም ተጠራ፤ አልተቆጣም፤ ይሄ ሁሉ ሰው ባየው ነገር ላይ እኔ ምን እጨምራለሁ አለ አሉ። መቃብሯ ይከፈት ወይ ተብሎ ቤተሰብ ሲጠየቅ፣ እናቴ በስልክ ልጄን ተዉልኝ ብላ ጮኸች። መኮንኑ ሰብር አድርጊ፣ ታገሽ ብሎ እስከ በር ሸኘኝ።

ከዚያ በፊት የሞቱትን ማሰብ ጀመርኩ። አየር ማረፊያው አጠገብ ምግብ ቤት የምትሠራ ወጥ ሠሪ ነበረች፤ ዳሚ የሚኖር ግንበኛ ነበር። ሁለቱም ወጣት፣ ሁለቱም የሱ በሽተኛ። ሰዎችን መቼ ነው የሞቱት ብዬ ስጠይቅ የሚነግሩኝ መርዶው የተነገረበትን ቀን ነው። የሞቱበትን ቀን የሚያስታውስ የለም፤ ተደብቆ ያለፈ ቀን ነዋ። በሞቱና በመርዶው መሐል የኛ ሰው በደግነት ያስቀመጠው ባዶ ቦታ አለ፤ ሐኪሙ እዚያ ውስጥ ነበር የሚኖረው። የገደለውን ሰው እኛ አስታመን፣ አክመን፣ አልድን ሲል አዝነን እንሸኝለት ነበር። እሱ ብዙ መዋሸት እንኳን አላስፈለገውም።

ይህን ሁሉ የነገርኩት ለአባባ ብቻ ነው። ጨርቄን ይዤ በረንዳቸው ላይ ተቀመጥኩና ሁሉንም አወራሁላቸው። ሰምተው ሲጨርሱ ተቆጡ። ሐዘን ነው የሚያናግርሽ፣ ሰውን በደም አትጠርጥሪ አሉኝ። እህትሽን ታማለች ብዬ የነገርኩሽ እኔ ነኝ፣ ታዲያ እኔም ገዳይ ነኝ ወይ አሉ። ስኳር ነበረባቸው፤ የሚያክማቸውም እሱ ነው። ሌላው ይቅር፣ እሱ መርፌ እንዳይወጋዎት ብዬ እግራቸው ላይ ወደቅኩ። አቤት ሲስቁብኝ። ከዚያ ግን ፊቴን አይተው እሺ አሉ፤ አንቺን ደስ እንዲልሽ ብዬ እንጂ አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀኔን የምጀምረው በሳቸው በር ነበር። ሲያዩኝ እኮ ይናደዳሉ፤ «ዛሬም አልሞትኩም፣ ሂጂ ስፊ» ይሉኛል። ያሉኝ እሳቸው ብቻ ነበሩ።

እግራቸው ላይ ትንሽ ቁስል ወጣ። እያበጠች ስትሄድ ሌላ ሐኪም ጋር እንሂድ፣ እኔ አስተረጉማለሁ አልኳቸው። በአንቺ ሶማልኛ እግሬን ይቆርጡኛል አሉና ሳቁ። አንድ ከሰዓት ከገበያ ስመለስ ነጩ ቪትዝ በራችን ላይ ቆሟል። ሮጬ ገባሁ። ቁስሉን አጥቦ አስሮላቸው እየወጣ ነበር፤ መርፌ የለም አሉኝ አባባ በዓይናቸው። ያን ዕለት ማታ ያመጣሁትን ሩዝ በሉ፤ የሰፋሁላቸውን ሸሚዝ ኮሌታው ጠበበኝ ብለው ጨቀጨቁኝ። ደህና ነበሩ። በአላህ ስም እምላለሁ፣ ደህና ነበሩ።

ጠዋት የሸሚዙን ኮሌታ ላሰፋ ልወስደው ወደ በራቸው ስሄድ ነጩ መኪና ቆሞ አየሁ። የሴት ለቅሶም ሰማሁ። ጎህ ሲቀድ በሱብሒ ድክም ብሏቸው ራሳቸው ደውለው አስጠርተውት ነበር።

ሽማግሌዎቹ ግቢው ውስጥ ሲመክሩ እኔ በረንዳው ላይ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ። የአባባ ልጅ በርበራ ወደብ ላይ ክሬን ነጂ ነው። ሞቱን ከሰማ ያንን መንገድ በድንጋጤ ሲነዳ ይገለበጣል፤ ስለዚህ ዛሬ አባትህን ትንሽ አሟቸዋል፣ ነገ ና እንበለው፤ ቀብሩ ከዐስር በፊት ይፈጸም፤ መርዶውን ነገ ጎህ ሲቀድ ዶክተር ባለበት እንነግረዋለን ተባለ። ማንም ክፉ አላሰበም። ከነሱ መሐል አንዱ እያለቀሰ ነበር የሚናገረው። ዶክተሩም መሐላቸው ተቀምጦ ጢሙን እየነካካ ይሰማል።

ስልኬን ይዤ ከውኃ ማጠራቀሚያው ጀርባ ሄድኩና ደወልኩለት።

«አባትህ ዛሬ ጠዋት ሞተዋል» አልኩት። «ትንሽ አሟቸዋል ይሉሃል፤ አትመን። ትናንት ማታ ከኔ ጋር ሩዝ በልተዋል፣ ደህና ነበሩ፤ ጠዋት ሐኪሙ መጥቶባቸዋል፣ ክንዳቸውን እይ። ይህን ያዝ። ደህና ነበሩ። ሳይቀበሩ ድረስላቸው።»

ከዚያ መጣሁ ብሎ ዘጋው።

ገንዘው፣ ቃሬዛው ላይ አድርገው፣ ሊያነሱ ሲሉ ደረሰ። አቧራ ለብሶ፣ ከንፈሩ ደርቆ። ማንንም ሰላም ሳይል ወደ ቃሬዛው ሄደና የአባቴን ክንድ አሳዩኝ አለ። ሰዉ ተንጫጫ። የተገነዘ ሰው አይፈታም፤ ነውር ነው፤ ኀጢአት ነው። እሱ ግን ወደ ሐኪሙ ዞሮ፣ እስከዚያ ቀን በዚህች ከተማ ካለነው አንዳችንም ያልጠየቅነውን ጠየቀው።

«ትናንት ደህና ነበር። ዛሬ ጠዋት ምን ሰጠኸው?»

ሐኪሙ ዓይኑ እንባ ሞላ። አባትህ እኮ ሲያማቸው ነው የቆዩት ልጄ፣ እነዚህን ጠይቃቸው አለ። ሽማግሌዎቹም አዎ፣ ሲያማቸው ነበር አሉ። ውሸታችሁን ነው ብዬ ጮህኩ። ልጁ እኔን አየ፣ እነሱን አየ። ከዚያ ረጋ ብሎ አባቴ ዛሬ አይቀበርም፣ ሌላ ሐኪም ያየዋል፣ ፖሊስም ይመጣል አለ። አንዳንዶቹ ወጣቶች ቃሬዛውን ለቀቅ ሲያደርጉት አየሁ። አንድ ሁለቱ ሐኪሙን በሌላ ዓይን ሲያዩትም አየሁ። እህቴ ከሞተች ወዲህ ደረቴ ውስጥ የሆነ ነገር ሲከፈት የተሰማኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው። በቃ፣ ተጠየቀ አልኩ።

ልጁ ሌላ ቃል ሊናገር አፉን ከፈተ፤ ጉልበቱ ታጠፈና ወደቀ። ከጠዋት ጀምሮ ውኃ እንኳን አልቀመሰም፤ በዚያ ፀሐይ ያን ሁሉ መንገድ ነድቶ ነው የመጣው። ማንኛውም ሰው ይወድቅ ነበር።

«ድንጋጤ ነው» አለ ሐኪሙ። «ወደ ውስጥ አስገቡት።»

ቦርሳውን ሲያነሳ አየሁ። እንዳትነኩት፣ እንዳይወጋው፣ ውኃ ብቻ ስጡት እያልኩ ወደ በሩ ሮጥኩ። ሴቶቹ ያዙኝ። የያዙኝ የሚወዱኝ ሴቶች ናቸው፤ ሾርባ ጋትኳት ያለችውም አለች። ማዕድ ቤት አስገብተው በሩ ላይ ተቀመጡ። ጂን ነው ብለው ራሴ ላይ ውኃ አፍስሰው ከቁርኣን አየተል ኩርሲን ይቀሩብኝ ጀመር። እየነከስኳቸው እንኳን ፀጉሬን ይደባብሱኝ ነበር። በግድግዳው ማዶ የወንዶቹ ድምፅ ይሰማኛል፤ ቃሬዛው ተነሳ፤ ላ ኢላሀ ኢለላህ እያሉ ወጡ። አባባ ተቀበሩ።

ሲለቁኝ ልጁ አልጋ ላይ ተኝቷል። ግሉኮሱ ከመስኮቱ ፍርግርግ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ላስቲኩ ባዶ ሆኗል። ፊቱን መታሁት፣ በስሙ ጠራሁት። ሰውነቱ ገና ይሞቅ ነበር። ጀምበር ስትጠልቅ መግሪብ አዛን ሲል ሽማግሌዎቹ ከመቃብር ተመልሰው ደረሱና እነሱም ነኩት።

ሌላ ሞት ሁሉ ምክንያት የለውም ነበር፤ ይሄኛው ግን ነበረው። መርዶ በድንገት የተነገረው ሰው ይሞታል ሲሉ ኖረዋል፤ ልማዱ ሁሉ የቆመው በዚህ ላይ ነው። ይኸው፣ በዓይናቸው አዩ። ማንም በግሉኮሱ ውስጥ ምን ነበረ አላለም። ሁሉም የሚያየው እኔን ነው። ከሽማግሌዎቹ ትልቁ ወደኔ መጥቶ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ አንድ ቀን ብታቆዪው ምን ነበረበት አለኝ። ሐኪሙ መሐል ገባ። ተዋት፣ ሐዘን ነው ያናገራት፣ እሷም ልጃችን ናት አለ። ሰዉ በደግነቱ ተገረመ።

ልጁም በማግስቱ ከአባቱ ጎን ተቀበረ። ቤታችን ውስጥ ምንጣፉ አልተነሳም፤ ሁለት ሐዘን በአንድ ምንጣፍ ነው የተቀመጥነው። እኔን ማንም አላባረረኝም። ሻይ ሲታደል ለኔም ይሰጡኝ ነበር። ጥጌን ይዤ ተቀምጬ አንድ ነገር ብቻ አስባለሁ፤ ያለ ምግብ፣ ያለ ውኃ፣ በዚያ ፀሐይ፣ በኔ ቃል። ሐኪሙ እንደገደለው አውቃለሁ፤ ማወቅ እንደሚቻለው ሁሉ አውቃለሁ። ግን ልጁ ቃሌን ሰምቶ መጥቶ ሲወድቅ አይቻለሁ። እሱን የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ ሐኪሙ መንቀሳቀስ እንኳን አላስፈለገውም፣ እግሩ ሥር ነው የወደቀለት።

የአባባ ሚስት ኮምቦልቻ ናቸው፤ እናቴን ከልጅነታቸው ጀምሮ ያውቋታል። ሽማግሌዎቹ ባልዎንም ልጅዎንም ትንሽ አሟቸዋል ብለው ነግረዋቸው ነበር። በሦስተኛው ቀን መሰለኝ፣ ሁላችንም ምንጣፉ ላይ እንዳለን ስልኬ ጮኸ። የአባባ ሚስት መሆናቸውን ሲያዩ ሁሉም ሻያቸውን አስቀመጡ። ሐኪሙ ከፊት ለፊቴ ተቀምጧል። አነሳሁት።

«ልጄ» አሉኝ። «እነዚህ ሰዎች የሚሉኝ አላማረኝም። ሽማግሌውስ እሺ፣ ስኳር አለበት። ልጄን ምን አገኘው? አንቺ አትዋሺኝም።»

ድምፃቸው ደካማ ነው፤ ብቻቸውን ናቸው፤ ከጀርባቸው ዶሮ ይጮሃል። እውነቱ ምላሴ ላይ ነበር። ልጃቸው ሲወድቅ ታየኝ፤ እሳቸው ደግሞ ስልኩን እንደያዙ መሬቱ ላይ ሲወድቁ ታየኝ፤ ያንን ዶሮ እየሰማሁ መቅረቴ ታየኝ። ቀና ስል ሐኪሙ በሐዘኔታ እያየኝ ነበር። በከንፈሩ ብቻ፣ ድምፅ ሳያወጣ፣ አብሽሪ አለኝ።

«አዎ፣ እማማ» አልኳቸው። «ትንሽ አሞታል። ሐኪም አጠገቡ ነው።»